«አፋልጉኝ» ብላችሁ ፎቶ ለምትልኩልኝ ሁሉ

ዛሬ ስለ ፊልም ነው የማወራችሁ። «ስንት ጉዳይ እያለ አንተ ደግሞ ፊልም!» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ታገሱኝ፣ ወደ ጉዳያችን እንመጣለን። ረዘም ስለሚል ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ዓርብ አንድ ሰው በኢንቦክስ የአንዲት ልጅ ፎቶ ላከልኝ። «እህቴ ናት፣ ናይሮቢ እንዳለች ሰምቻለሁ፣ ገጽህ ላይ አፋልጉኝ ብለህ ፖስት አድርግልኝ፣ ያለችበትን ለሚጠቁመኝ ወሮታ እከፍላለሁ» ይላል። እንዲህ ያለ መልእክት በየሳምንቱ ይደርሰኛል። ድሮ ቢሆን ሳላቅማማ እለጥፈው ነበር። አሁን አልለጥፍም። ምክንያቱን ለማስረዳት በሞከርኩ ቁጥር «ጨካኝ»፣ «ሰው የማይረዳ» እየተባልኩ ተሰድቤአለሁ። ቅዳሜ ማታ ግን ከዓመታት በፊት ያየሁትን አንድ ፊልም ደግሜ ሳየው፣ እኔ በቅጡ መናገር ያቃተኝን ነገር ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ፍርጥ አድርጎ ሲናገረው አገኘሁት።

ፊልሙ «ዴቭል ኢን ኤ ብሉ ድረስ» ይባላል፤ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰ ሰይጣን እንደማለት ነው። በ1995 የወጣ፣ ካርል ፍራንክሊን ያዘጋጀው፣ ዴንዘል ዋሽንግተን መሪ ሆኖ የሚተውንበት ነው። መነሻው ዋልተር ሞዝሊ በ1990 ያሳተመው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ፈረንሳዮች እንዲህ ያለውን የፊልም ዓይነት «ፊልም ኗር» ይሉታል፣ ጥቁር ፊልም ማለት ነው። ሌሊት፣ ሲጋራ፣ ባርኔጣውን ግንባሩ ላይ የደፋ መርማሪ፣ የማትታመን ቆንጆ፣ የበሰበሰ ባለሥልጣን ያለበት። ስሙ ጥቁር ይሁን እንጂ በ1940ዎቹ ፊልሞች ውስጥ ጥቁር ሰው ብታዩ ጫማ ሲጠርግ ወይም ሻንጣ ሲሸከም ነው። ሞዝሊና ፍራንክሊን ያንኑ ሎስ አንጀለስ፣ ያንኑ ዘመን ወሰዱና ታሪኩን ከሻንጣ ተሸካሚው ወገን ሆነው ተረኩት።

ጊዜው የ1948 የፈረንጆች በጋ ነው። ኢዚ ሮሊንስ ከሂዩስተን ቴክሳስ መጥቶ ሎስ አንጀለስ የኖረ ሰው ነው። በጦርነቱ ዓመታት እንደሱ ያሉ እጅግ ብዙ ጥቁሮች ከቴክሳስና ከሉዊዚያና ተነስተው የአውሮፕላንና የመርከብ ፋብሪካ ሥራ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ፈልሰዋል። የሀገራቸውን ድንበር አላለፉም፣ ስደተኛ ብሎ የመዘገባቸውም የለም። እኛ ግን ስናያቸው እናውቃቸዋለን። የአንድ ሰፈር ልጆች አንድ መጠጥ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ስለ ሂዩስተን ያወራሉ፣ ማን መጣ ማን ሞተ ይባባላሉ። ኢዚ ከአውሮፕላን ፋብሪካው ተባሯል። አለቃው ዘንድ ሄዶ መልሱኝ ሲል ሰውዬው እንዲለማመጠው ይፈልጋል፣ በስሙም አይጠራው። ኢዚ ስሙን ነግሮት ይወጣል። ይህችን ቦታ ሁለቴ መልሼ አየኋት። በቁጥር መጠራት የለመደ ሰው ስሙን አስረግጦ ሲናገር ምን እንደሚሰማው የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ኢዚ አንዲት ትንሽ ቤት አለችው፤ ዕዳ ያለባት፣ ክፍያዋ ያለፈበት። ዴንዘል ያቺን ቤት የሚያይበት ዓይን ብቻውን ፊልሙን ያስወድዳል። ያኔ የጥቁር ሰው ቤት መግዛት ቀላል ነገር አልነበረም። ብዙ ሰፈሮች «ለጥቁር አይሸጥም» የሚል ውል በቤቱ ሰነድ ላይ ያስገቡ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ሊያስፈጽሙ አይችሉም ያለው በዚያው በ1948 ነው። ስለዚህ ኢዚ ገንዘብ ሲቸግረው የቸገረው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

በዚህ መሀል ጆፒ የሚባል ወዳጁ፣ የመጠጥ ቤት ባለቤት ነው፣ ከአንድ ነጭ ሰውዬ ጋር ያስተዋውቀዋል። ዲዊት ኦልብራይት ይባላል። ፈገግተኛ ነው፣ ሲናገር ለስለስ ይላል። የሚፈልገው ትንሽ ነገር ነው፦ ዳፍኒ ሞኔ የምትባል ሴት ጠፍታለች፣ ለከንቲባነት ሊወዳደር የነበረው ሀብታም እጮኛዋ ቶድ ካርተር ተጨንቋል፣ ጥቁሮች በሚዝናኑበት በሴንትራል አቬኑ አካባቢ ትታያለች ይባላል። ነጭ እዚያ ገብቶ ቢጠይቅ ሰው አፉን ይዘጋበታል። ኢዚን ግን ሰው ያውቀዋል። መቶ ዶላር። ጠይቆ መምጣት ብቻ።

ልብ በሉ፣ ኢዚ መርማሪ አይደለም። ፈቃድ የለውም፣ ልምድ የለውም። የተፈለገው ስለሚታመን ነው። ኦልብራይት በመቶ ዶላር የገዛው የሰፈሩ ሰው በኢዚ ላይ ያለውን እምነት ነው፤ ያ እምነት ደግሞ ኢዚ ለብቻው የሚሸጠው ዕቃ አልነበረም። እኛ ሀገር ለዚህ ሥራ ስም አለን፣ ደላላ እንለዋለን። ኢዚ ደላላ መሆኑን ሳያውቅ ደላላ ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ የቤት ክፍያ ያለፈበት ሰው ብዙ ነገር ላለማወቅ ይፈልጋል።

(ፊልሙን ላየው ነው የምትሉ ቀጣዮቹን ሁለት አንቀጾች ዝለሉ።)

ኢዚ አንድ ሌሊት የወገኖቹ መጠጥ ቤት ገብቶ ይጠይቃል። ኮሬታ የምትባል ሴት፣ የዳፍኒ ወዳጅ፣ የምታውቀውን ትነግረዋለች። ሄዶ ለኦልብራይት ያቀብላል። ቤቱ ሲመለስ ፖሊሶች ይጠብቁታል፤ ኮሬታ ተገድላለች። ጣቢያ ወስደው እየደበደቡ ይጠይቁታል። በዚያችው ከተማ የሬይመንድ ቻንድለር መርማሪ ፊሊፕ ማርሎም ስለ ወዳጁ አልናገርም ብሎ ታስሮ ያውቃል፤ እሱ ግን ፈቃድ ያለው ነጭ ነው፣ ሲፈታ ወደ ቢሮው ይመለሳል። ኢዚን የሚያድነው ወረቀት የለም። ኮሬታን የገደላት ኋላ ሲጣራ ኦልብራይት አይደለም። ጆፒ ነው፣ ያ ያገናኘው ወዳጁ፣ አፏን ለማዘጋት።

ችግሩ ሲከብድበት ኢዚ ማውስን ይጠራል። ማውስ የሂዩስተን ጓደኛው ነው፣ ዶን ቺድል ይተውነዋል፤ ለዚህ ሚና የሎስ አንጀለስ የፊልም ሐያስያን የዓመቱ ምርጥ ረዳት ተዋናይ ብለው ሸልመውታል፣ ይገባዋል። ከመጣ ጊዜ ጀምሮ ፊልሙን ይዞት ይሄዳል። ይስቃል፣ ይዘንጣል፣ ይገድላል። ሁላችንም አንድ ማውስ እናውቃለን፤ የሀገር ልጅ ነው፣ ችግር ሲመጣ ፈጥኖ ይደርሳል፣ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ኢዚ ጆፒን እንዲጠብቅለት ለማውስ ትቶት ይሄዳል። ሲመለስ ጆፒ ሞቷል። ኢዚ ሲቆጣ የማውስ መልስ አጭር ነው፤ እንዲሞት ካልፈለግህ ለምን ለእኔ ተውከው ነው የሚለው ነገሩ። አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚስቅበት ቦታ ነው። እኔ ዘንድሮ አልሳቅኩም። የሰው አድራሻ ኮሜንት ላይ ጽፎ የሚሄድ ሁሉ ለማን እንደተወው አያውቅም።

አሁን ወደ ዳፍኒ ልምጣ። ሁሉም ይፈልጋታል፤ ፖለቲከኛው፣ ደላላው፣ እጮኛው፣ ፖሊሱ። በአማርኛችን «ተፈላጊ» የሚለው ቃል ወንጀለኛም፣ የጠፋ ዘመድም፣ የተወደደም ማለት እንደሚሆን አስባችሁታል? ዳፍኒ ሦስቱንም ናት። የሸሸችበት ምክንያት ግን ማንም ካሰበው የተለየ ነው። ነጭ መስላ ትኖራለች እንጂ እናቷ ጥቁር ናት፣ ጥቁሩ ፍራንክ ግሪን ወንድሟ ነው። ይህን ያወቀ ተቀናቃኝ ምስጢሩን ይዞ ካርተርን ከምርጫው አስወጥቶታል። እዚህ ላይ ዘመኑን አስታውሱ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክለውን ሕግ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው በ1948 ኦክቶበር 1 ነው። ታሪኩ በሚፈጸምበት በጋ ሕጉ ገና አለ።

ካርተር ይወዳታል። ይህ ነው እኔን ያሳሰበኝ። ፈላጊው ውሸታም አይደለም፣ ጭንቀቱም እውነት ነው። በመጨረሻ አግኝቷት ምን አደረገ? ማንነቷ ከታወቀ በኋላ አላገባትም። ይወዳታል፣ ይፈልጋታል፣ ግን አልወሰዳትም። ለዚህ ነው ኮሬታ የሞተችው።

በፊልሙ ላይ ቅሬታ አለኝ። ዳፍኒን ሁልጊዜ የምናያት በሚፈልጓት ወንዶች ዓይን ነው፤ ጄኒፈር ቢልስ የተሰጣት ቦታ ጠባብ ነው። መጽሐፉ ውስጥ በእሷና በኢዚ መሀል ያለው ፍቅር ፊልሙ ላይ ተቆርጧል፣ ስለዚህ ከምስጢሯ ሌላ ብዙም አናውቃትም። አንድ ነገር ግን አመሰግናለሁ፤ ስትሄድ ካሜራው አይከተላትም። የት እንደገባች አይነገረንም። ኢዚም ደጁ ላይ ከጎረቤቱ ከኦዴል ጋር ተቀምጦ ይቀራል። ፊልሙ ያወጣውን ገንዘብ እንኳ አልመለሰም፣ ተከታይ ክፍልም አልተሠራለትም። ያሳዝናል። መጽሐፎቹ ግን ቀጥለዋል።

አሁን የራሴን ልናገር። ከዚህ በፊት ጽፌው አላውቅም።

ኢስሊ በምኖርበት ጊዜ፣ የሦስት ወር ኪራይ ባለብኝ ሰሞን፣ አንድ የሀገሬ ሰው ምግብ ቤት ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው ነው፣ «ወንድሜ» እያለ ነው የሚያናግረኝ። ምሳዬን ከፈለ። የዘመዱን ልጅ እንደሚፈልግ፣ እናቷ አልጋ ላይ እንደሆነች ነገረኝ፣ ፎቶ አሳየኝ። አወቅኋት። የት እንደምትኖር አላውቅም ነበር፣ እሁድ እሁድ የምትሄድበትን ቤተ ክርስቲያን ግን አውቅ ነበር። ነገርኩት። ሲሄድ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ገንዘብ ትቶልኝ ሄደ። አልጠየቅኩትም፣ ግን አልመለስኩለትም።

ከሁለት እሁድ በኋላ ልጅቷ ቀረች። አብረዋት የሚኖሩት በሌሊት ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች አሉኝ። ሸሽታ ይሁን ተወስዳ፣ ሰውዬው ዘመዷ ይሁን ባሏ ይሁን የደላላ ዕዳ ሰብሳቢ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባትም እናቷ በእውነት ታማ ይሆናል። ኢዚ ቢያንስ ኮሬታ ምን እንደሆነች ያውቃል።

አንዳንዶቻችሁ «እናት ልጇን እንዳትፈልግ ነው እንዴ?» ትሉኛላችሁ። አይደለም። በሊቢያ፣ በየመን፣ በሱዳን በኩል የወጡ ልጆቻቸው ድምፅ የጠፋባቸው እናቶች ያለቅሱልኛል፣ እኔም አለቅሳለሁ። ከሚጽፉልኝ ሰዎች አብዛኞቹ እውነተኞች እንደሆኑ አምናለሁ። ግን እውነተኛውን ከኦልብራይት የምለይበት መሣሪያ ስልኬ ላይ የለኝም። ኦልብራይትም ይስቃል። ካርተርም ያለቅሳል። ከባሏ የሸሸች፣ ከቤተሰቧ የሸሸች፣ ሃይማኖት የቀየረ፣ ከመንግሥት የሸሸ፣ ከአስተላላፊ ዕዳ የተደበቀ ሁሉ በእኛ መሀል አለ። እያንዳንዱም አንድ የሚወደው ፈላጊ አለው።

መንገዱን እኔ አልፈጠርኩትም። ቀይ መስቀል የተለያዩ ቤተሰቦችን ሲያገናኝ ተፈላጊውን ቢያገኘው እንኳ ያለ ፈቃዱ አድራሻውን ለፈላጊው አይሰጥም። «ትሬስ ዘ ፌስ» የሚባለው የፎቶ መፈለጊያቸው ላይ ብትገቡ ደግሞ የምታዩት የጠፋውን ሰው ፎቶ አይደለም። የሚፈልገውን ሰው ፎቶ ነው። ተፈላጊው እናቱን ወይም ወንድሙን አይቶ፣ ከፈለገ እሱ ራሱ ይመጣል። ይህን ስሰማ አፈርኩ። ስንት የልጅ ፎቶ ለጥፌ «ሼር አድርጉት» ብያለሁ!

ስለዚህ በዚህ ገጽ ላይ ከዛሬ ጀምሮ የተፈላጊ ፎቶ አይወጣም። የድሮዎቹን ሰኞና ማክሰኞ ቁጭ ብዬ አጥፍቻለሁ። ሼር ያደረጋችሁት ካለ እናንተም አጥፉልኝ። በኮሜንት «እኔ አውቃታለሁ፣ እንትን ሰፈር ናት» የሚል ካየሁ ወዲያው አነሳዋለሁ፣ ወዳጄም ብትሆኑ አትቀየሙኝ። የምታውቋት ከሆነ ለእሷ ንገሯት፤ ከፈለገች ትደውላለች።

የዓርቡ ወንድሜ፣ መልእክትህን አንብቤዋለሁ። ወሮታውን ተወው። የራስህን ፎቶ፣ ስልክህን፣ ለእህትህ ልትላት የምትፈልገውን ሁለት መስመር ላክልኝ፤ እሱን ዛሬውኑ አወጣልሃለሁ።