የጭነት መንኮራኩር የእኛም ጉዳይ ነው

በ1979 እ.ኤ.አ. በወጣው «ኤሊየን» ፊልም ውስጥ «ኖስትሮሞ» የተባለው ግዙፍ መንኮራኩር 20 ሚሊዮን ቶን ማዕድን ይጎትታል። ሠራተኞቹ ወታደሮች አይደሉም፤ እንደ ከባድ መኪና ሾፌሮቻችን ስለ ክፍያቸው የሚከራከሩ ሰዎች ናቸው። ለሐዋሳ ወጣት እንዲህ ያለ ታሪክ ቅንጦት ነው፣ ዳቦው ይቅደም የሚሉ አሉ። ዳቦው መቅደሙ ልክ ነው፤ ዋጋው ግን ራሱ ከማጓጓዣ ጋር የተሳሰረ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሰፋ ሸሚዝ ታጥፎ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ በየብስ እስከ ጅቡቲ ይጓዛል። የባሕር በር ለሌለው አገር ርቀት ማለት ወጪ ነው። የጭነት መንኮራኩር ታሪክም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ማን ይጭናል? ነዳጁን ማን ይከፍላል? አደጋ ቢደርስ ዕዳው የማን ነው?

ነገሩ ከእኛ የራቀ ሕልም ነው ማለትም አያስኬድም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን 100 ቶን ገደማ ይሸከማል። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ግን 70 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ብትመዝንም፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው ከቻይና በቻይና ሮኬት ነው። የሐዋሳ መሃል ከተማ መምህራን ሆይ፣ ለተማሪዎቻችሁ ይህን የቤት ሥራ ስጡልን፦ አንድ ኮንቴይነር የሲዳማ ቡና ከሐዋሳ ጨረቃ ለማድረስ ምን ምን ያስፈልጋል?