አያያዙን አይቶ ቺዝኬኩን…

ከእኛ ከአምደኞቹ መሐል የአንዷ ልደት ነበርና ተዋጣን። ብሩን ሰብስበን ስም ካለው አንድ ኬክ ቤት (ስሙን ትተነዋል፤ ጠባችን ከአንድ ቤት ጋር አይደለምና) ድፍን ቺዝኬክ ገዛን። እንጆሪ የተደረደረበት፣ ፊቱ እንደ መስታወት የሚያበራ። "ትኩስ ነው?" ብለን ጠየቅን። "ዛሬ የገባ ነው" ተባልን። ደስ ብሎን ከፈልን።

ሌሊቱን ከስምንታችን አምስታችን የመጸዳጃ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ አደርን። ነፍሰ ጡር የነበረችው ጓደኛችን ደግሞ ግሉኮስ ተሰክቶላት ጤና ጣቢያ አደረች። ሐኪሙ "የምግብ መመረዝ ነው" አለ። ከኬኩ ይሁን አብሮት ከቀረበው ሌላ ምግብ ማንም አልመረመረም፤ እኛም ባልተመረመረ ነገር ፍርድ አንሰጥም። ጓደኛችን ደኅና ናት፣ ልጇም በሰላም ተወልዷል። ተመስገን።

ነገሩ ካለፈ በኋላ ሰከን ብለን ስናስበው ግን ያሳፈረን የራሳችን ጥያቄ ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር "ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን? እንዴት?" የሚለውን እንደ ውዳሴ ማርያም ደግመነዋል። ባለሥልጣን ፊት ብንቆም እንጠይቀዋለን። ኬክ ፊት ስንቆም ግን "መቼ ተሠራ? የት ተቀመጠ?" ማለት አቃተን። ጭራሽ "ትኩስ ነው?" ብለን አረፍነው! ቺዝኬክ እኮ ዳቦ አይደለም። ቀዝቅዞ መቀመጥ ያለበትን ነገር "ትኩስ ነው ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ "ዛሬ የገባ ነው" የሚል መልስ ቢያገኝ ምን ይገርማል? የገባው ዛሬ ይሁን፤ የተሠራውስ መቼ ነው?

መልክ ወይስ ሙያ?

ክርክራችን ባጭሩ ይህ ነው፤ የከተማችን ኬክ የሚመዘነው በመልኩ ነው፤ የሚያሳምመው ነገር ግን መልክ የለውም።

ቺዝኬክ ምንድን ነው? ክሬም ቺዝ፣ እንቁላል፣ ስኳርና ክሬም። እርጥብ ነው፣ ወተት ነው፣ እንቁላል ነው። ለእኛ የጣፈጠን ለባክቴሪያም ይጣፍጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአምስት ነጥብ የምግብ ደኅንነት መልእክት ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀመጥ፣ ከማቀዝቀዣ ውጭም ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ለጀርሞች ሰርግና ምላሽ ነው።

ኬኩን የሚያስጌጠው ሰው እጅና አፍንጫ ላይ ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ኬኩ ውጭ ሲውል ይራባል፣ መርዝም ያመነጫል። መርዙ ሽታ የለውም፣ ጣዕም አይለውጥም፣ ቢሞቅም አይጠፋም። "አሽትቼው ደኅና ነበር" የምንለው ነገር ስለዚህ ዋጋ የለውም። ሊስቴሪያ የሚባለው ደግሞ ይባስ ብሎ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል፤ ከሁሉ በላይ የሚያሰጋውም ነፍሰ ጡርንና ፅንሱን ነው። ቺዝኬክ ፍሪጅ ውስጥ ተከድኖ ከ3 እስከ 4 ቀን ቢቆይ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ከዚያ በላይ ማቆየት የፈለገ በደንብ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ያስገባው፤ አንድ ሁለት ወር ይቆይለታል። ሲያቀልጠውም ፍሪጅ ውስጥ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይሁን።

አሁን ወደ ኬክ ቤቶቻችን እንመለስ። መስታወቱ ያበራል፣ አምፖሉ ያበራል፣ ኬኩ ያበራል። መስታወቱ ግን ማቀዝቀዣ ነው ወይስ ቁም ሣጥን? ከውጭ ለሚያየው አይለይም። ቴርሞሜትር የለበትም። ኬኩ ላይ ቀን አልተጻፈም። ማክሰኞ ተሠርቶ ያልተሸጠው የፍስክ ኬክ ረቡዕን ከጿሚው ጋር አብሮ ጾሞ ሐሙስ "ዛሬ የገባ" ሆኖ ቢቀርብ በምን እናውቃለን? በምንም!

ሙያ እኮ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ፍሪጅ ሳያዩ ወተት የሚገባበትን ዕቃ በወይራ ያጥኑ ነበር። ቅቤውን ከነኮረሪማውና ከነኮሰረቱ አንጥረው፣ ውሃው እስኪያልቅ አቁላልተው ለወራት ያቆዩት ነበር። ሥጋውን ቋንጣ ያደርጉታል። አይቡን ግን "ቶሎ ይበላ" ይላሉ። የትኛው እንደሚቆይና የትኛው እንደማይቆይ ያውቁ ነበር። እኛ ፍሪጁንም ጄነሬተሩንም አግኝተን ዕውቀቱን ጣልነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? የእኛ ኬክ ቤቶች ግን ጥምጥሙን በእንጆሪ አስጊጠው ጨርሰዋል።

"መብራት እየጠፋ ምን እናድርግ?"

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። መብራት መጥፋቱ እውነት ነው፤ እኛም ሻማ እያበራን የጻፍንባቸው ቀናት አሉ። ግን እንጠይቅ። በሩ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ሳይከፈት እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ይይዛል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ጽፎ መያዝ፣ በሩን አለመክፈት፣ 4 ሰዓት ካለፈም መጣል ይቻላል። ይህ ጄነሬተር አይጠይቅም፤ እስክሪብቶና ሕሊና ብቻ ይጠይቃል።

"መጣልማ ኪሳራ ነው" የሚል አይጠፋም። ነው! ግን ኪሳራው የባለቤቱ ነው ወይስ ወር ሙሉ ቆጥባ ለልጇ ልደት ኬክ የገዛችው እናት? ትርፉን ብቻውን የሚይዝ ሰው ኪሳራውን ለደንበኛ ሆድ ማከፋፈል የለበትም። ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ምግብ ለሕዝብ ማቅረብ ደግሞ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ እንጂ ለውይይት የቀረበ ጉዳይ አይደለም።

"ሕዝቡ እንጀራ አጥቶ እናንተ ስለ ቺዝኬክ ትጽፋላችሁ?" የሚለንም እንዳለ እናውቃለን። የተከበርክ አንባቢ፣ ቺዝኬኩን ያልጠበቀ ፍሪጅ ክትፎውንም ወተቱንም አይጠብቅም። እኛ ኬኩን የመረጥነው ቆንጆ ስለሆነና ቆንጆ ነገር ጥያቄ ስለማይጠየቅ ነው።

እኛስ?

በሻጩ ላይ ብቻ ጣት ቀስረን አናበቃም። የዚያን ቀን እኛ ምን አደረግን? ኬኩን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወሰድን። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ቤት ስንደርስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ማን ያየዋል? ከዚያ የሐበሻ ቀጠሮ መጣ። ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ ቪዲዮ፣ ከዚያ ንግግር። ኬኩ ሲቆረስ 12 ሰዓት አልፎ ነበር። አራት ሰዓት ሙሉ! ኬክ ቤቱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ እኛ በቂ ነበርን። ታዲያ ኬኩ ለፎቶ ነበር የተገዛው ወይስ ለመብላት?

ስንጥቁን ተዉት

ቤታቸው ጋግረው በቴሌግራምና በቲክቶክ ለሚሸጡ እህቶቻችንም አንድ ቃል አለን። "ቺዝኬኬ ተሰነጠቀ" ብላችሁ ስታለቅሱ እናያለን። መሰንጠቅ ማንንም አላሳመመም! ምክንያቱም የታወቀ ነው። ክሬም ቺዙ ከፍሪጅ እንደወጣ ሲመታ ይጓጉላል፤ ጉግሉን ለማጥፋት ብዙ ሲመታ አየር ይገባበታል፤ ያ አየር ኦቨን ውስጥ አሳብጦት ሲወርድ ይሰነጥቀዋል። እንቁላሉን መጨረሻ ላይ ጨምሩና እስኪዋሐድ ብቻ አማስሉት። መጋገሪያውን ሙቅ ውሃ በያዘ ትሪ ውስጥ አስቀምጡት። ጠርዙ ጸንቶ መሐሉ ገና ሲንቀጠቀጥ፣ ቴርሞሜትር ያላችሁ ደግሞ መሐሉ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አውጡት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እንኳ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እርጥበትም ቶሎ ይተናል። ባሕር ዳርቻ ላይ ለተጻፈ የአሜሪካ አሠራር ሰዓቱን እንዳለ አትቅዱ፤ ኬኩን እዩት።

ከሁሉ በላይ ግን ከኦቨን ከወጣ በኋላ ያለውን ሰዓት ቁጠሩ። እንዲበርድ ተዉት፤ ግን ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይዋል፤ "ይደር" ማለት አይሠራም። በሞተር ስትልኩት በበረዶ ከረጢት ላኩት። ሳጥኑ ላይ የተሠራበትን ቀን ጻፉ። የተሰነጠቀ፣ ቀን የተጻፈበትና ቀዝቃዛ ኬክ ለእኛ ከሚያበራው ስም የለሽ ኬክ ይበልጥብናል።

ስለዚህ ጥያቄያችን ሦስት ብቻ ነው። ኬኩ ላይ ቀን ይጻፍ። መስታወቱ ውስጥ ደንበኛ የሚያየው ቴርሞሜትር ይንጠልጠል። መብራት የጠፋበት ሰዓት ይመዝገብ። ይህን የሚያደርግ ኬክ ቤት ካለ ስሙን በደስታ እንጽፋለን።

እስከዚያው ግን ከእኛ ይጀመር። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው እንደሚባለው፣ የእኛን የላላ አያያዝ ያየ ሁሉ የፈለገውን ቢሸጥልን አይፈረድበትም። ቀጣዩን ኬክ ስትገዙ "ትኩስ ነው?" የሚለውን ተዉና "መቼ ተሠራ? ስንት ዲግሪ ላይ ነው ያለው?" በሉ። ሻጯ ግራ ተጋብታ ብታያችሁ አትፈሩ፤ እኛንም እንደዚያው አይታናለች።

ቸር እንሰንብት!