«ፉል» የሚባለው ፎቶ ሙሉ አይደለም

ስለ ስልክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ጊዜ መብላቱና ጥናት ማስረሳቱ ነው። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በስልኩ ካሜራ ውስጥ ብርሃን የምትቀበል፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ አንዲት ሰሌዳ አለች። ስሟ ሴንሰር ይባላል። ክርክራችን በዚህች ሰሌዳ ቅርጽ ላይ ነው። «ኧረ የሴንሰር ቅርጽ ለመምህር ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። ይረባዋል እንላለን።

ለማስተማር ልምምድ ሺሺንዳ የደረስን ሁሉ ያየነው ነገር አለ። መጽሐፍ ለሁሉም ተማሪ ስለማይዳረስ መምህሩ ገጹን በስልኩ ያነሣና ለአንዱ ልጅ አባት ወይም ለታላቅ ወንድሙ ይልካል፤ ልጆቹም ተሰብስበው ከዚያ ይገለብጣሉ። ዘዴው ደግ ነው። ነገር ግን ከእነዚያ ፎቶዎች ብዙዎቹ የመስመራቸው ጫፍ የለም። «ተክል ለመኖር የሚያስፈልጉት ውኃ፣ አየርና» ይልና ያበቃል። ልጁ ያንኑ እንዳለ ደብተሩ ላይ ያሰፍረዋል። ጫፉ እንዳይጠፋ ወደ ኋላ ተርቆ ያነሣም አለ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ ይመስላል። ታዲያ ጥፋቱ ሁሉ የሚላከከው በርካሹ ስልክ ላይ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ስልኩ በብዛት ንጹሕ ነው። ችግሩ «ፉል» ወይም 16፡9 የሚለውን ምርጫ ሳያነሡ መተኮሱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሌንሱ ክብ ነው፤ ሌንሱ ወደ ውስጥ የሚጥለው ምስልም ክብ ነው። አንድ የሺሺንዳ ተማሪ «ቲቸር፣ የካሜራው ዓይን ክብ ሆኖ ፎቶው ለምን ክብ አልሆነም?» ብሎ ጠይቋል። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ «ፈረንጅ እንዲያ ስለሠራው ነው» ብሎ ማለፍ ከመምህር አይጠበቅም። መልሱ አለ፤ ደግሞም ከባድ አይደለም።

ረከቦት ላይ የተደረደሩ ስኒዎችን እናስብ። ዝናብ ሲዘንብ እያንዳንዱ ስኒ የደረሰውን ጠብታ ይይዛል። ሴንሰርም እንዲሁ ነው፤ ስኒዎቹ ፒክስል ይባላሉ፣ ዝናቡም ብርሃን ነው። ሲነበብም እንደ ክፍል ስም ጥሪ በረድፍ ነው፤ አንደኛው ረድፍ ያልቃል፣ ሁለተኛው ይከተላል። ሰሌዳው ክብ ቢሆን ኖሮ አንዱ ረድፍ አጭር፣ ሌላው ረጅም እየሆነ ቆጠራው ይወሳሰብ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት አቆራረጡ ነው። ሴንሰሮች የሚሠሩት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ስስ የሲሊከን ክብ ላይ በብዛት ሆነው ነው፤ ከዚያ እየተቆረጡ ይለያያሉ። ቀጥ ባለ መሥመር ሲቆረጥ ቁራጭ ከቁራጭ ይገጥማል። ክብ ክብ እያደረግን እናውጣ ብንል ግን በመሐል የሚቀረው ፍርፋሪ ብዙ ነው፤ እንጀራ ላይ በብርጭቆ አፍ ሞክሮ ማየት ይቻላል (እናቶች ካዩን ግን ጉድ ይፈላል)።

እሺ፣ ክብ አይሁን፤ ካሬስ ለምን አልሆነም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። በኮምፓስ የ5 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ እንሥራ፤ ስፋቱ 78.5 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በውስጡ ማዕዘኖቹ ክቡን የሚነኩ ካሬ ብንሠራ 50 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይይዛል። በ8 በ6 ሬክታንግል ብንሠራ ደግሞ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ፓይታጎራስን የተማረ ሁሉ 6፣ 8 እና 10ን ያውቃቸዋል። ስፋቱም 48 ነው። ይኸውም 4፡3 የሚባለው ውድር ከካሬው የሚያንሰው በ2 ብቻ ነው ማለት ነው። 16፡9 ግን በዚያው ክብ ውስጥ 43 እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ በሒሳቡ ካሬው ይበልጣል። እንዲያውም የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው ዲጂታል ካሜራ ሴንሰሩ በፒክስል ቆጠራ ካሬ ነበር፤ 100 በ100፣ በድምሩ 10,000 ፒክስል። በ2025 ደግሞ አፕል በአይፎን 17 የፊት ካሜራ ላይ ካሬ ሴንሰር አስገብቷል። በመሐሉ 4፡3 የነገሠው በልማድ ነው። የኤዲሰን ባልደረባ ዊልያም ዲክሰን በ1890ዎቹ መጀመሪያ የሲኒማውን ፊልም ሲቀይስ 4፡3 አደረገው፤ ቴሌቪዥንም ያንኑ ወረሰ። በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስንት ዓመት የታየው በዚያ ቅርጽ ነው። የኮምፒዩተሩ መስኮት ተከተለ፣ ከዚያም ዲጂታል ካሜራው። እኛም ለምዝገባ በተጠየቅን ቁጥር የምናቀርበው 3 በ4 ጉርድ ፎቶግራፍ ውድሩ ያው ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሴንሰር ሁሉ ሬክታንግል ነው ማለት አይደለም። በ2013 ወደ ሕዋ የወጣው ላንድሳት 8 ሳተላይት ዋና ካሜራ ለእያንዳንዱ የብርሃን ዓይነት 7 ሺህ ያህል መቀበያዎችን በረጅም መሥመር ዘርግቶ ይሄዳል። ሳተላይቱ ሲበር መሥመሩ 185 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ምድር እንደ መጥረጊያ ይጠርጋል። ዩኔስኮ በ2010 የመዘገበው የካፋ ደናችን ከላይ የሚታየው በእንዲህ ያለ ዓይን ነው። ቅርጹን የወሰነው ሥራው ነው።

የመምህሩስ ሥራ ምን ዓይነት ቅርጽ ይጠይቃል? አብዛኛው የስልክ ሴንሰር 4፡3 ነው። ባለ 12 ሜጋፒክስሉን ብንወስድ 4000 በ3000 ፒክስል ነው። 16፡9 ሲመረጥ ካሜራው አዲስ ነገር አይጨምርም፤ ከ3000ው 750ውን ቆርጦ ይጥላል፣ 2250 ያስቀራል። ይህ ሩብ ነው! «ፉል» ሲባል ደግሞ በብዙ ስልኮች የሚታየው 20፡9 ስለሆነ 3000ው ወደ 1800 ይወርዳል። ከመቶ 40 እጅ ሄደ ማለት ነው። ስልኩ ቆሞ ከተያዘ የሚቆረጠው ግራና ቀኝ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። የጠፋው የመሥመር ጫፍ የገባው እዚያ ነው።

አንዱን የኤ4 ገጽ በሁለቱም እናንሣ። ገጹ 210 በ297 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለ4፡3 በጣም ይቀርባል፤ ሙሉ ገጹ ሲገባ አንድ የጽሑፍ መሥመር ያለበት የገጽ ወርድ 2828 ያህል ፒክስል ያገኛል። በ«ፉል» ሙሉ ገጹ እንዲገባ ስንርቅ ያው ወርድ 1800 ብቻ ይደርሰዋል። ትንሿን «ጯ» ወይም «ሿ» ከዚያ ውስጥ ፈልጎ ማንበብ ለልጅ ዓይን ምን ያህል እንደሚከብድ አይጠፋችሁም።

«ስክሪኑን ካልሞላ አያምርም» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ለሠርግ ይሁን፤ ከፏፏቴ ሥር ቆሞ ለመነሣትም ይሁን። ለመጽሐፍ ገጽ ግን ማማሩ ምን ያደርግልናል? በእርግጥ ዋናው መድኃኒት መጽሐፉ ራሱ ለልጁ መድረሱ ነው፤ ፎቶ መጽሐፍን ይተካል አላልንም። እስኪደርስ ድረስ ግን ልጁ የሚያየው እኛ የምንልክለትን ነው።

ስለዚህ በትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ኮርስ ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ለገጽ አነሣሥ ቢመደብ የሚል ሐሳብ እናቀርባለን። የሚያስፈልገው ኮምፓስ፣ ማስመሪያና የየሰው ስልክ ብቻ ነው። የ8 በ6ቱን ሥዕል ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፈናል። ከሥሩ ያለው ባዶ ወረቀት ለተቃዋሚ የተተወ ነው፤ «ፉል» ይሻላል የሚል ካለ አንድ ገጽ በሁለቱም አንሥቶ፣ ፊደሉን ቆጥሮ ይጻፍበት።