የጤና አምድ፦ የቆየ የእግር ቁስልና ፋሻ

ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ብዙውን ጊዜ በውስጥ በኩል የሚወጣ ቁስል አለ። መጀመሪያ እግር ማታ ማታ ያብጣል፤ ጠዋት ይቀንሳል። ቆዳው ይጠቁራል፣ ያሳክካል። ከዚያ አንድ ቀን እንጨት ይጭረዋል። ትንሽ ጭረት ናት፤ ግን አትድንም። ወር ይሆናታል፣ ዓመት ይሆናታል። ታዣለች፣ ትሸታለች። ባለቤቱም ሽታውን አፍሮ ከዕድር ይቀራል፣ ከገበያ ይቀራል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? አንዱ ቅጠል ቀጥቅጦ ያስርበታል። ሌላው አመድ ይነሰንስበታል። ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን የሚበትንበትም አለ። ቁስሉ ግን እንዳለ ነው። ለምን? ችግሩ ያለው ቁስሉ ላይ ሳይሆን ከቆዳው በታች ነዋ!

እስቲ ውስጡን እንየው። ደም ከልብ ወደ እግር የሚወርድበት ሥር ደም ቅዳ ይባላል። ከእግር ወደ ልብ የሚመለስበት ሥር ደም መልስ ይባላል። መመለሱ ዳገት ነው። ስለዚህ በደም መልስ ውስጥ ትናንሽ በሮች አሉ። ደሙ ወደ ላይ ሲወጣ ይከፈታሉ፤ ወደ ታች ልመለስ ሲል ይዘጋሉ። ስንራመድ ደግሞ የባታችን ሥጋ ደሙን እየጨመቀ ወደ ላይ ይገፋዋል። በሮቹ ከተበላሹ ደሙ እግር ላይ ይተኛል። ብዙ የወለዱ እናቶች፣ ቆመው የሚውሉ ሠራተኞች፣ እግራቸው ተሰብሮ የነበረ ሰዎችና አረጋውያን ይህ ያገኛቸዋል።

ገበሬ ይህን ነገር ያውቀዋል። ዋልካ መሬት ላይ ውሃ ሲተኛ ሰብሉ ቢጫ ይሆናል። ማዳበሪያ ቢጨመርበትም አይረባም። መጀመሪያ ፈሰስ ወጥቶ ውሃው መጠንፈፍ አለበት። የእግርም ነገር እንዲሁ ነው። የተኛውን ደምና ውሃ የሚያጠነፍፈው ፋሻ ነው።

ግን የትኛውም ጨርቅ ፋሻ አይደለም። ከቁስሉ በላይ በገመድ ወይም በመቀነት ጥብቅ አድርጎ ማሰርማ ጉዳት ነው። መንገዱን ይዘጋዋል። ፋሻው ከእግር ጣቶች ሥር ይጀምራል፣ ተረከዝን ይሸፍናል፣ ከጉልበት በታች ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ያበቃል። ሲጠመጠም እግር እንደቆመ ሰው እግር ቀጥ ብሎ ይታጠፋል። እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ ይሸፍናል። ጉተታው ከታች እስከ ላይ እኩል ነው። ቁርጭምጭሚት ከባት ይቀጥናል፤ ስለዚህ በእኩል ጉተታ ፋሻው ከታች ጠበቅ፣ ከላይ ላላ ይላል። ደሙ ወደ ላይ የሚሄደው ለዚህ ነው። አጥንት ያፈጠጠበት ቦታ በጥጥ ይደላደላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ በለንደን ቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል የተሠራበት ባለ አራት ድርብ ፋሻም የመጀመሪያው ድርብ ጥጥ ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ሳታስመረምሩ አትጠምጥሙ! አንዳንዱ ቁስል የሚመጣው ደም ቅዳው ጠቦ፣ ደም ወደ እግር መውረድ ሲያቅተው ነው። እንዲህ ያለውን እግር አጥብቆ መጠምጠም እግር ያስቆርጣል። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሠራተኛው የእግራችሁን ትርታ ይዳስሳል። የክንድንና የቁርጭምጭሚትን የደም ግፊት ለክቶ ያስተያያል። የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ከክንዱ ከ10 እጅ 8 እጅ በታች ከሆነ አጥብቆ መጠምጠም የለም። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት ደግሞ ሌላ ነው፤ ስለ እሱ ለብቻው እንጽፋለን።

ፋሻው ከታሰረ በኋላ ጣቶቻችሁን እዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ፣ ሕመሙም ከባሰ ወዲያው ፍቱት። እኩለ ሌሊት ቢሆንም ፍቱት፤ አትጠብቁ። ደህና ከሆነ ግን በየጊዜው እየፈታችሁ አትመልከቱ። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ ይቀየራል። ቁስሉ ብዙ ካዠና ፋሻው ከራሰ ቶሎ ይቀየራል።

«እግሬን ታምሜ እንዴት ልራመድ?» የሚል አለ። ተራመዱ እንጂ! ባት ካልሠራ ፋሻ ብቻውን አይበቃም። የሚጎዳው ዱካ ላይ እግር አንጠልጥሎ መዋል ነው። ስትተኙ ግን ከእግራችሁ ሥር የታጠፈ ጋቢ አድርጉ፤ እግር ከልብ ከፍ ይበል።

ታገሡም። ብዙው ቁስል ከ3 እስከ 6 ወር ይወስዳል። በ3 ወር ምንም ካልቀነሰ ሌላ በሽታ ሊኖር ስለሚችል እንደገና ተመርመሩ።

ቁስሉ ሲደርቅ ብዙ ሰው ፋሻውን ይጥላል፤ ቁስሉም ይመለሳል። የተበላሹት በሮች እኮ አልዳኑም። ስለዚህ ከጉልበት በታች የሚደርስ፣ በልክ የተሰጠ የላስቲክ ካልሲ ይደረጋል። ጠዋት እግር ሳያብጥ፣ ከመኝታ ሳይወረድ ይጠለቃል፤ ማታ ይወልቃል። ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣል። ላስቲኩ ሲላላ፣ 6 ወር ገደማ ሲሆን፣ በአዲስ ይቀየራል።