ድምፁ ስለማይሰማ ቃል

ሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ሲነጋገር ሐሳቡን የሚያደርስለት ቃሉ ብቻ አይደለም። የድምፁ መለስለስና መክረር፣ የፊቱ መፍካትና መጥቆር፣ እጅ አነሣሡም ጭምር ቃሉን ይተረጉሙለታል። ቃሉ ወደ ጽሕፈት የገባ እንደ ሆነ ግን እነዚህ አስተርጓሚዎች ሁሉ ከደጅ ይቀራሉ፤ አንባቢው የሚያገኘው ፊደሉን ብቻ ነው።

አንድ አለቃ ለበታቹ «ሥራው ለምን ዘገየ?» ብሎ ቢጽፍለት፣ ምናልባት ያሰበው ችግር ገጥሞት እንደ ሆነ ሊረዳው ይሆናል፤ ተቀባዩ ግን ወቀሳ አድርጎ ያነበዋል። ባለጉዳይም «ማመልከቻዎ ታይቷል፤ ይታሰብበታል» የሚል መልስ በደረሰው ጊዜ፣ ጸሐፊው ተስፋ ሰጠሁ ሲል እርሱ ተባረርሁ ብሎ አዝኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገሩ በአፍ የተነገረ ቢሆን ኖሮ አንድ ፈገግታ ያቀናው ነበር።

ፊደላችንም የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ስለማያሳይ፣ «ይመታል» የሚለው ቃል ብቻውን የተጻፈ እንደ ሆነ፣ የሚመታው ሌላውን ይሁን ወይም እርሱ ራሱ ይመታ እንደ ሆነ አይታወቅም። የቃል ፍች እንኳ ይህን ያህል ድምፅን የሚሻ ከሆነ፣ የጸሐፊው ልብማ እንዴት አይሰወር!

ሊቃውንት አባቶቻችን ይህን ጉድለት አስቀድመው አውቀውታል። የግዕዝን ንባብ የሚማር ሁሉ ተነሣሽና ወዳቂውን፣ ሰያፍና ተጣዩን እንዲለይ የሚደረገው፣ በዜማ መጻሕፍትም ከፊደሉ ራስ ላይ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክና ሌሎችም ምልክቶች የሚኖሩት፣ ፊደል ብቻውን ድምፅን ስለማይሸከም ነው። ይህም የምልክት ሥርዓት በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጀ ይነገራል። ፌዝን ለማመልከትም ቃለ አጋኖን ገልብጦ የመጻፍ፣ ትእምርተ ሥላቅ የተባለ ምልክት አለ። በአሜሪካም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ስኮት ፋልማን፣ በኮምፒዩተር በሚጻጻፉት ሰዎች መካከል ቀልድ እንደ ቁም ነገር እየተቆጠረ ስላስቸገረ፣ ከሥርዓተ ነጥብ የተሠራ የፈገግታ ምልክት በቀልዱ አጠገብ እንዲጻፍ አሳሰቡ።

ሆኖም ምልክት ብቻውን አይበቃም። አማርኛችን «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ለይቶ የሰጠን መልካም መሣሪያ ነው፤ አጠቃቀሙ ግን ማስተዋልን ይፈልጋል። የማያውቁትን ታላቅ ሰው «አንተ» ብሎ መጻፍ ድፍረት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ለብዙ ዘመን «አንተ» ሲሉት ለኖሩት ባልንጀራም በድንገት «እርስዎ» ብሎ መጻፍ የቅያሜ ወይም የሽሙጥ ምልክት ሆኖ ይታያል። በሰላምታና በማዕርግ ተሞልቶ ከሥሩ ስድብ የያዘ ደብዳቤም ከጨዋነት አይቆጠርም።

በቀድሞ ጊዜ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ በመልእክተኛ እጅ ብዙ ቀን ይጓዝ ስለ ነበረ፣ የተቈጣ ሰው ቍጣው እስኪበርድ ጊዜ ያገኝ ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ የተጻፈው ወዲያውኑ ይደርሳል፤ አንድ ሰው የተወቀሰበትንም ቃል ብዙ ሰዎች ባንድነት ያነቡታል። በምስክር ፊት የተዋረደ ሰው ደግሞ እውነቱን ከመመርመር ይልቅ ክብሩን ለመከላከል ይነሣል፤ እንዲህም ሆኖ በአንዲት መስመር ምክንያት የሥራ ባልደረቦች ይለያያሉ፤ ሥራውም ይበደላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከብዕር የወጣው ግን ከአፋፍም አልፎ ተጠብቆ ይኖራል።

ይህን ስንል እውነት ይደበቅ ማለታችን አይደለም። «በዚህ ሒሳብ ላይ ስሕተት አለ» ማለት ሥራን ማቅናት ነው፤ «አንተ ሒሳብ አታውቅም» ማለት ግን ሰውን መስበር ነው። ስሕተቱ ሳይሸሸግ፣ ሰውዬው ሳይነካ መጻፍ ይቻላል።

ስለዚህ የሚጽፍ ሰው ከመላኩ በፊት ቃሉን ድምፁን አሰምቶ፣ እንደማይወደው ሰው ሆኖ ያንብበው። በቍጣ የጻፈውን ለነገ ያሳድረው። ወቀሳውን ለብቻ፣ ምስጋናውን በጉባኤ ያድርገው። የሚያነብም ሰው አጠራጣሪውን ቃል በመልካሙ ፍች ይቀበለው፤ ያልገባውንም «እንዲህ ማለትዎ ነውን?» ብሎ ይጠይቅ እንጂ ለመመለስ አይቸኩል። ከአንድ ቅኔ ሰም ሥር ወርቁን ለማግኘት ሌሊቱን ሙሉ የሚደክም ሊቅ፣ ከወንድሙ ደብዳቤ ውስጥ በጎ ሐሳብን ለመፈለግ ጥቂት ጊዜ ሊነፍገው አይገባውም።

ከሁሉ ይልቅ ይህ ጥንቃቄ የሚገባው ሥልጣን ላለው ሰው ነው። የሹም ቃል ከሌላው ቃል ይልቅ ይከብዳልና፤ እርሱ ረስቶት የሚያድረውን አንድ መስመር፣ ተቀባዩ ዘመኑን ሁሉ ሊያስታውሰው ይችላል።