የእማሆይ ጠገራ በስንት ግራም ተሸጠች?

ልጆች ሳለን ባሕር ዳር ላይ የመጀመሪያው ንግዳችን ብይ ነበር። «ሴት ልጅ ብይ አትጫወትም» እየተባልንም ቢሆን ግቢ ጥግ ጉድጓድ ቆፍረን እንጫወት ነበር። ስንበላ እናኮርፋለን፤ ስንበላላቸው ደግሞ ኪሳችንን እያንኳኳን ወደ ቤት እንገባለን። ትልቋ ብይ በሦስት ትንንሽ ትመነዘር ነበር። ያቺ ውስጧ ባለቀለም የሆነችውን ግን ማንም በምንም አይለውጣትም። ለምን ሲባል መልሱ «ከእገሌ የበላኋት ናት!» ነው። ዋጋዋ መስታወቱ ሳይሆን እገሌ ነበር።

አድገን ጋዜጠኝነት ስንማር በሰው አገር ትልልቅ ሰዎች አሮጌ ብይ እንደሚሰበስቡና እንደሚነግዱ አነበብን። ለካ ብይ ከልጅ ኪስ ወጥቶ ጨረታ ይቀርባል! በጀርመን ላውሻ በምትባል ከተማ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በእጅ የተሠሩት ብዮች በጣም ይፈለጋሉ። በእጅ ስትሠራ ከመስታወቱ ዘንግ የተቆረጠችበት ቦታ ላይ ትንሽ ጠባሳ ይቀራል፤ የማሽኗ ብይ ያ ጠባሳ የላትም። ሰብሳቢው ገልበጥ አድርጎ ጠባሳዋን ይፈልጋል። ዕድሜዋ ገላዋ ላይ ተጽፏል ማለት ነው።

የእኛ ብዮች የት እንደገቡ እንጃ። እናቶቻችን ቤት ያለችው ሌላዋ አሮጌ ድቡልቡል ግን አለች፤ ገላዋ ላይ የተጻፈው ዕድሜም ውሸት ነው። ጠገራ ብር ማለታችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዷ አያት የዘጌ ሰው ናቸው፤ በስተርጅና መንኩሰው እማሆይ ሆነዋል። ሳጥናቸው ውስጥ ሁለት ጠገራ ነበራቸው። በቅርቡ ገንዘብ ቸገራቸውና አንዷን ለመሸጥ ወደ ከተማ መጡ፤ እኛም አጀብን። ገዢው ሚዛን ላይ አስቀመጣት፣ ስልኩን አውጥቶ የብር ማዕድን ዋጋ አየ፣ አባዛ፣ ከፈለ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከየት እንዳገኟት አልጠየቃቸውም። ይህን ያህል አይገርመንም፤ ሰውየው ነጋዴ ነው። የሚገርመው ሙያችን መጠየቅ የሆነው እኛ አጠገባቸው ቆመን አለመጠየቃችን ነው።

ስንመለስ መንገድ ላይ እማሆይ ራሳቸው ጀመሩት። «አባቴ ቡና በታንኳ አሻግሮ ሸጦ ያመጣት ነበረች» አሉ። የቀረችው፣ ማንጠልጠያ የተበየደላት፣ የጥሎሻቸው ናት። የዘጌ ቡና፣ ታንኳው፣ ጣናን አቋርጦ የሚመለሰው አባት፣ ይህ ሁሉ ሚዛኑ ላይ ምንም ግራም አልመዘነም።

እስቲ ስለ ጠገራዋ ራሷ እናውጋ። የኦስትሪያዋ ማሪያ ትሬዛ በኖቬምበር 1780 እ.ኤ.አ. ሞተች። ከዚያ ወዲህ መልኳን ይዞ የተመታው ብር ሁሉ፣ ትናንት የተመታውም ጭምር፣ «1780» ይላል። ቪየና ዛሬም ይመታል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ወርቅ የምንመዝንበት ወቄት እንኳ የተለካው በዚሁ ነው። አባቶቻችን ደግሞ እንዲሁ አልተቀበሉትም። የንግሥቲቱን ዘውድና የደረት ጌጥ ዕንቁዎች እየቆጠሩ፣ የደበዘዘውን «ወዲያ በል» እያሉ ይመልሱ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት፣ አንበሳው ያለበት፣ 1887 ዓ.ም. የሚል ብር ሲመጣም ገበያው ቶሎ እሺ አላለም። በመጨረሻ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ነው ጠገራ ሕጋዊ ገንዘብነቱ የቀረው። ያም ሆኖ በየሳጥኑ፣ በየአንገቱና በየጥሎሹ ውስጥ ቆየ።

ሙሶሊኒም አለበት። አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ በ1935 እ.ኤ.አ. የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተረክቦ ሮም ላይ ያስመታ ጀመር። እንግሊዞችም ዝም አላሉም፤ ለንደን መታ፣ ኋላም ቦምቤይና በርሚንግሃም። ሁሉም 1780 ይላል! አንዷ ጠገራ በጎንደር ነጋዴ በቅሎ ተጭና የመጣች ልትሆን ትችላለች፤ ሌላዋ ባንዳ ለመግዛት ከሮም የተላከች። ሁለቱ አንድ ሳጥን ውስጥ አጠገብ ላጠገብ ይተኛሉ። ባለሙያ በአጉሊ መነጽር አይቶ የላባውንና የዕንቁውን አሠራር አመሳክሮ የተመታችበትን ከተማ ሊለይ ይችላል። በማን እጅ አልፋ እዚህ እንደደረሰች ግን የትኛውም መነጽር አይነግረውም። ያንን የሚያውቁት እማሆይ ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ጭንቀታችን። ብር በዓለም ገበያ በ2025 እ.ኤ.አ. ዋጋው እጅግ ተወደደ። የእኛው ብር ደግሞ (የወረቀቱ ማለታችን ነው፤ ስማቸው አንድ መሆኑ ያምታታል) ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከዶላር አንጻር ብዙ ወረደ። ሁለቱ ሲደመሩ ጠገራ በግራም ስትሸጥ ከዚህ ቀደም ያላወጣችውን ዋጋ ታወጣለች። በሌላ በኩል ከዘጌ ወደብ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው የጫካ መንገድ መስቀልና ትንንሽ ታንኳ ደርድረው የሚጠብቁት ሻጮች ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የእንግዳ ያለህ ማለት ጀምረዋል። እንግዳ ቢያንስ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል። ምድጃ አይጠይቅም።

«ታዲያ አትሽጡ ልትሉ ነው?» የሚለን አይጠፋም። አንልም። የእማሆይን መድኃኒት የምንገዛላቸው እኛ ካልሆንን ጠገራቸውን አትሽጡ የማለት አፍ የለንም። ይልቁንም ቅርስ ሲባል ገዳማት ዕቃ ቤት ያለው ብራናና ዘውድ ብቻ የሚታየን መሆኑ ነው ያልተመቸን። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ሕግ አለ፤ ደግ ነው። በድንበር የሚወጣውን ግን አውሮፕላን ማረፊያ የሚፈትሸው አለ። ቀልጦ የሚጠፋውን የሚፈትሽ ማን ነው?

የላሊበላው አፍሮ አይገባ ትዝ ይበላችሁ። በ1997 እ.ኤ.አ. ተሰረቀ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ካለ ሰብሳቢ እጅ ተመለሰ። የተመለሰው ወርቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ስም ነበረው፣ ፎቶ ነበረው፣ «የእኛ ነው» ብሎ የሚለየው ሕዝብ ነበረው። የእማሆይ ጠገራ ነገ ብትገኝ ማን ይለያታል? እሳቸውም አይለዩዋትም፤ ከሌላው ጋር አንድ ነች።

ስለዚህ የምንለምነው ትንሽ ነው። ከመሸጥ በፊት በስልክ ሁለቱንም ፊቷንና ጠርዟን ማንሳት፤ ማን ከየት አመጣት፣ በምን ለወጣት፣ ለማን አወረሳት የሚለውን ግማሽ ገጽ መጻፍ። አንዱ ወረቀት ቤት ይቅር፣ አንዱ ከጠገራዋ ጋር ይሂድ። ገዢዎችም ቢያስቡበት ይጠቅማቸዋል፤ ሰብሳቢ ለታሪክ ከግራሙ በላይ ይከፍላል፣ ወሬዋ የተጻፈላትን ጠገራ ደግሞ ማንም ለማቅለጥ አይቸኩልም። የዩኒቨርሲቲያችን የታሪክና የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቤታቸው ሲሄዱ የአያታቸውን ሳጥን ጽፈው እንዲመጡ ቢታዘዙ ከብዙ የቤት ሥራ ይሻላል። (እኛ የሠራናቸውን የቤት ሥራዎች ስለምናውቅ ነው።)

እኛ በቀረችው ጀምረናል። ባለፈው እሑድ እማሆይ ዘንድ ቡና ጠጥተን የጥሎሿን ጠገራ ጻፍን፦ የሰርጉ ወር፣ የአማቹ ስም፣ ማንጠልጠያዋን የበየደው አንጥረኛ፣ ብድር ተይዛ አንድ ክረምት ጎረቤት ቤት እንደቆየች። አንብበን ስንጨርስ እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁና አንድ መስመር እንድንሰርዝ አዘዙን፤ ያቺን የብድሯን።

«ተው ልጆቼ፣ የልጅ ልጆቻቸው አሁንም ጎረቤቶቻችን ናቸው!»