የነብሯ እናትነት

«ይቺን ጃጓር እያትማ!» አለኝ ወዳጄ ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ። «ልጇን በአፏ አንጠልጥላ እንዴት እንደምትሄድ!»

«ጃጓር የደቡብ አሜሪካ ናት። አንተ የሰቆጣ ልጅ ሆነህ ወደ ተከዜ በሚወርደው ገደል ያለችውን የእኛዋን ነብር ትተህ? አስተዳደጋቸው እኮ ይመሳሰላል። ሁለቱም መቶ ቀን ገደማ አርግዘው ይወልዳሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት። አባት የሚባል አያግዝም፤ ጣጣው ሁሉ የእናት ነው።»

«ተው እንጂ! ነብር ፍየል ጨራሽ ናት።»

አልተቆጣሁትም። በእሱ አገር በዋግ ፍየል የልጅ ደብተር መግዣ ነው፤ የክፉ ቀን መውጫም ነው። የአበርገሌ ፍየሉን የተበላ ሰው ስለ ነብር ደግ ደጉን ያውራ ማለት ግፍ ነው። ቢሆንም የነብሯንም ወገን እንዲሰማልኝ ፈለግሁ።

«ደቦሉ ሲወለድ ግማሽ ኪሎ ቢመዝን ነው። ዓይኑም የሚገለጠው ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። እናትየው ዋሻ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ትሸሽገዋለች። ከዚያ ጭንቅ ነው፤ አጠገቡ ብትውል ወተቷ ይነጥፋል፤ ለአደን ብትወጣ ጅብ አለ። ትወጣለች። አንዳንዴ ቀንም ሌሊትም ሳትመለስ ትቀራለች። ደቦሎቹ ድምፃቸውን አጥፍተው ይጠብቋታል። አንድ ቦታ አታከርማቸውም፤ ማጅራታቸውን ይዛ ተራ በተራ ወደ ሌላ መሸሸጊያ ታዞራቸዋለች።»

«አይጎዳቸውም?»

«ያ ጥርስ እኮ ሰስ የሚጥል ጥርስ ነው። ደቦሉን ሲይዝ ግን ቆዳውን እንኳ አይበሳም፤ ደቦሉም እግሩን ሰብስቦ ጸጥ ይላል። በሁለተኛው ወር ሥጋ ታስለምዳቸዋለች፤ በሦስት ወር ገደማ ጡት ይጥላሉ። ስትሄድ ጅራቷን ወደ ላይ ትቀለብሳለች፤ ከጫፉ ሥር ያለውን ነጭ ጸጉር በሣሩ መሃል እያዩ ይከተሏታል። መጀመሪያ ነፍሳትና አይጥ ያሳድዳሉ። ራሳቸውን እስኪችሉ ዓመት ተኩል ያህል ይፈጃል።»

«ስንቱ ያድግላታል?»

«ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሳቢ ሳንድ በተባለ ጥብቅ ሥፍራ ነብሮችን አንድ በአንድ እየለዩ ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። ከተወለዱት ከግማሽ በላይ ራሳቸውን ሳይችሉ ሞቱ። አንበሳና ጅብ ይገድሏቸዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ወንድ ነብር ነው፤ እናትየው ዳግም እንድትፀንስለት የሌላውን ልጆች ይጨርሳል።»

ወዳጄ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ከተረፉት ወንዱ ርቆ ይሰደዳል፤ ሴቷ ግን እናቷ አጠገብ ትቀራለች፤ ከእናቷ ግዛት ጥጉን ትይዛለች። እንግዲህ አስበው። አንዲት እናት በወጥመድ ወይም በመርዝ ስትሞት፣ ድምፃቸውን አጥፍተው የሚጠብቋት ደቦሎች በረሃብ ያልቃሉ። ገደሉንም የምትወርሰው ልጅ አትኖርም።»

«ዝንጀሮው ግን አለ፤» አለ በምሬት። «ማሳ ስንጠብቅ ነው የምንውለው።»

«እሱን ላነሳልህ ነበር። ጋና ውስጥ ነብርና አንበሳ ከየጥብቅ ሥፍራው ሲጠፉ ዝንጀሮ በዝቶ ሰብሉን ፈጀው፤ ልጆችም ማሳ ለመጠበቅ ከትምህርት ቀሩ።»

«ይሁንልህ። የእኔን ፍየል ማን ይክፈል?»

ይህ ጥያቄ ይገባዋል። የዱር እንስሳትን የሚጠብቅ አዋጅ አለ፤ በእኔ እምነት ነብርን የሚጠብቅ መንግሥት ፍየሏ ለተበላችበት ሰውም ደርሶ ሊክሰው ይገባል። እስከዚያው ግን እጃችን ላይ ያለው በረቱ ነው።

«የድንጋይ ካቡ እስከ ደረቴ ይደርሳል፤» አለኝ።

«አያስቆማትም፤ ከሰው ቁመት በላይ ትዘላለች። ካብ ጨምረህ አትድከም። ከላይ አጣና አጋድምና በግራር እሾህ ክደነው፤ መግቢያውንም ማታ ማታ በእሾህ ድፈነው። ግልገሎቹን መሃል አሳድራቸው።»

«አጣናውስ ከየት ይመጣል? ዛፍ የለ።»

«ባሕር ዛፍ ያለው ጎረቤት አለህ?»

«አለኝ፤ ሸጦልኝም ያውቃል።»

«እንግዲያው ክረምቱ ሳይገባ ጀምረው።»